ወደ ቂብላ የዞረው ጥልፍ

ማክሰኞ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት፣ አዲስ አበባ

ረዳቱ ቦርሳዬን ሚኒባሱ ጣራ ላይ ሊጭነው ሲያነሣው እጁን ያዝኩት።

"ይሄ ጭኔ ላይ ነው የሚሄደው።"

ከላይ እስከ ታች አየኝና "ወርቅ ነው እንዴ?" አለ። ወርቅ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ባዶ ወረቀት ነው።

ሥራዬ አየር መልቀም ነው ስል ሰው ይስቅብኛል፤ ግን ነው። በየከተማው እየዞርኩ ጣራ ላይ ትንሽ ማሽን አስቀምጣለሁ። ማሽኑ አየር ይስባል፤ አየሩ በክብ ነጭ ማጣሪያ ወረቀት ውስጥ ያልፋል፤ በዓይን የማይታየው ደቃቅ ብናኝ ወረቀቱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ወረቀቱን አዲስ አበባ አምጥተን እንመዝናለን፣ ምን እንዳለበት እንመረምራለን። የሐረሩ ማሽን በግንብ በታጠረው አሮጌ ከተማ፣ ጁገል ውስጥ፣ ሐጃ ነፊሳ የሚባሉ እናት ጣራ ላይ ነው ያለው። ወረቀቱን በየማለዳው የሚቀይሩልኝም እሳቸው ናቸው።

ከሦስት ሳምንት በፊት ሐረር ላይ ለሦስት ቀን ሰማዩ ደፈረሰ። ክብሪት ክብሪት ሸተተ። ሕፃናትን ሳል ያዛቸው፣ የአስም በሽተኞች ሐኪም ቤት ተሰለፉ። የሰፈሩ ሰው ጥፋተኛውን ለማግኘት ሩቅ አልሄደም። ከከተማው በስተደቡብ፣ ሐኪም ጋራ ላይ፣ ኡስማን የሚባል ሰው ኖራ ያቃጥላል። "የመኪና ጎማ እየማገደ ነው" ተባለ። አቤቱታ ተጻፈ፣ ተፈረመ። ምድጃው ይታሸግ አይታሸግ ሐሙስ ይወሰናል። የሰፈሩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ቢሯችን ደውለው "ማሽናችሁ ያለውን አምጡልን" አሉ።

ኡስማንም ስልኬን ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ ደውሎልኛል። "ኢንጂነር፣ ማሽኑ እውነቱን ያውቃል አሉኝ። ስድስት ነፍስ ነው የማስተዳድረው። እውነቱን ብቻ ንገርልኝ።"

ኢንጂነር አይደለሁም፤ ቴክኒሻን ነኝ። ይህን ብናገር የሚሰማኝ የለም።

እኔ የምጠረጥረው ሌላ ነው። በዚያው ሰሞን አፋር በረሃ ውስጥ እሳተ ገሞራ ይጨስ ነበር። ከዚያ የሚወጣው የድኝ ጋዝ በነፋስ እየተጓዘ መንገድ ላይ ወደ ደቃቅ ብናኝ ይለወጣል፤ ቀናት ይጓዛል፣ አገር ያቋርጣል። በበጋ ደግሞ ነፋሱ ከሰሜን ነው። ግን ጥርጣሬዬን ይዤ ስብሰባ ፊት ብቆም ማን ይሰማኛል? ወረቀቶቹን ማየት አለብኝ።

ማክሰኞ፣ 3 ሰዓት፣ መተሐራ

ፈጣኑን መንገድ ጨርሰን፣ አዳማን አልፈን፣ ሙቀቱ ጀመረን። በስተግራ የፈንታሌ ተራራ ጥቁር ድንጋዩን ዘርግቶ ተቀምጧል። ሴቶች ሙዝና ፓፓያ በመስኮት ይዘረጋሉ። ሙዙ ካለፈው ጉዞዬ በእጥፍ ጨምሯል፤ ተከራክሬ ተሸነፍኩ፤ ገዛሁ።

ሾፌሩ አብዶሽ የሐረር ልጅ ነው። ቦርሳዬን ስለማልለቅ ጠርጥሮኝ ኖሮ በመጨረሻ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ሳቀ።

"አቦ! ከአፋር ሐረር ድረስ? ስንቱን ኬላ አልፎ?"

"ጋዝ ኬላ ላይ አይቆምም።"

"ወላሂ እኔን ነው ያስቆሙኝ፣ አራት ቦታ!" አለ። ከዚያ በመስታወቱ አየኝ። "ያን ጊዜ እኔም ሐረር ነበርኩ። እናቴ ሌሊቱን ቁጭ ብላ ነው ያደረችው፣ መተኛት አቅቷት። ግን ጭሱን በዓይናችን ነው የምናየው፣ ከሐኪም ጋራ ሲወጣ። የምታየውን ትተህ የማታየውን እመን ነው የምትለን?"

ሙዝ ሰጠሁት።

ማክሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከጭሮ እስከ አወዳይ

ጭሮ ላይ ምሳ፤ ሽሮው የጎመዘዘ፣ ቃሪያው ግን ያማረ። ከዚያ ጠመዝማዛው ይጀምራል፤ ገደሉ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ። ሂርናን አለፍን። ቁልቢ ገብርኤል ፊት ስንደርስ አማተብኩ። ለራሴ አልነበረም። ወረቀቶቹ ጠቁረው እንዳገኛቸው ነው የተሳልኩት። በሕይወቴ የሰው አየር ቆሻሻ እንዲሆን ስለት ስገባ የመጀመሪያዬ ነው፤ አፈርኩ።

አወዳይ የጫት ገበያው መንገዱን ዘግቶታል። ሴቶቹ እስሩን በሙዝ ቅጠል እየጠቀለሉ እርስ በርስ ይጯጯሃሉ፤ አይሱዙዎች ሞተራቸውን ሳያጠፉ ይጠብቃሉ። እዚያ ቆመን ሳለ ለሐጃ ደወልኩ።

"ደረስኩ፣ ሐጃ። አወዳይ ነኝ።"

"ማሻአላህ! ና፣ ና። ማሽንህ ደህና ነው። እንደ ልጄ ነው የያዝኩልህ" አሉኝ።

ደስ አለኝ። ያን ጊዜ ቃሉን ልብ ብዬ ሰምቼው ቢሆን ኖሮ ሁለት ቀን ባልተሠቃየሁ።

ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት፣ ጁገል

ከፈረስ መጋላ በእግሬ ወረድኩ። መተላለፊያዎቹ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፉም። ግድግዳዎቹ ከፊሎቹ ነጭ፣ ከፊሎቹ አረንጓዴ፤ ከመሬት እስከ ወገብ ድረስ ኖራው ተላልጧል። ኖራው የማን ምድጃ ውጤት እንደሆነ አሰብኩ። በየበሩ ቢጫ ጄሪካን ተደርድሯል። ውሃ ከመጣ ወር ሊሞላው ነው፤ ቀጣዩ ፈረቃ ሐሙስ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ሐሙስን ነው የሚጠብቀው።

ሐጃ ነፊሳ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ግን እስከ ጎረቤት ይሰማል። ከልጃቸው ከሩቂያና ከስድስት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ከሰሚራ ጋር ይኖራሉ። ነደባው ላይ፣ ማለትም እንደ ደረጃ ከፍ ዝቅ ባለው ቀይ መቀመጫ ላይ፣ የክብሩን ቦታ ሰጡኝ። በወተት የፈላ የቡና ቅጠል፣ ሆጃ፣ ቀረበልኝ። የቤቱ ዕቃ ሁሉ ልብስ አለው፦ ቴሌቪዥኑ ጥልፍ ለብሷል፣ የሰሐኑ መደርደሪያ ዳንቴል፣ ሬድዮዋም ሳትቀር። ሰሚራ ጥግ ላይ ተቀምጣ ትስላለች፤ ከደረቷ ሲር ሲር የሚል ድምፅ ይወጣል።

"ከዚያን ጊዜ ወዲህ አልተዋትም" አሉኝ ሐጃ። "አቤቱታው ላይ መጀመሪያ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ለዚች ልጅ ስል ነው።"

ጣራ ወጣሁ። ማሽኑ ንጹሕ፣ ሞተሩ ጤነኛ። ተመልሼ ፖስታዎቹን ተቀበልኩ። እንደ መምህርት እጅ ጽሑፍ ያለ የለም፤ በየፖስታው ላይ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ፊርማቸው። የሦስቱን መጥፎ ቀናት ለይቼ በወረንጦ አወጣሁ።

ነጭ። ሦስቱም ነጭ፣ ከማሸጊያቸው እንደወጡ።

ማሽኑ ከከተማው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው፤ የኡስማን ጭስ ከጋራው ወርዶ በየመተላለፊያው ዝቅ ብሎ ሊያልፈው ይችላል፤ ከሩቅ የመጣ ነገር ቢኖር ግን የግድ ይይዘው ነበር። ምንም ካልያዘ ከሩቅ የመጣ ነገር የለም ማለት ነው። በዚህ ወረቀት ኡስማን አለቀለት። ኡስማንን ነፃ ለማውጣት ሳይሆን እውነቱን ለመናገር እንደመጣሁ ለራሴ ደጋግሜ ነገርኩት፤ ራሴ ግን አልሰማኝም።

ረቡዕ፣ ረፋድ፣ ሐኪም ጋራ

ባጃጅ ተሳፍሬ ወጣሁ፤ የመጨረሻውን ዳገት በእግሬ። ከላይ ሲታይ ጁገል ሙሉውን በግንቡ ታቅፎ ከታች ተኝቷል። ከኋላው በሰሜን በኩል ተራሮች፣ ከተራሮቹ ወዲያ ቆላው።

የኡስማን ምድጃ ጉድጓድ ነው፤ በድንጋይ የተገነባ፣ ሁለት ሰው ቁመት። ራሱ ከፀጉሩ እስከ ጫማው ነጭ ሆኗል። እሳቱን አጥፍቶታል። "እስኪወሰን ድረስ አላቀጣጥልም" አለኝ። የባሕር ዛፍ ግንድ ተከምሯል። ዙሪያውን ሁሉ ጎማ ፈለግሁ፤ አመዱን በእንጨት ቆሰቆስኩ። የጎማ ሽቦ አይቃጠልም፤ ማግዶ ቢሆን ሽቦው በተገኘ ነበር። አንድ ክር ሽቦ አጣሁ።

"ከአፋር ነው የመጣው፣ በሬድዮ ሰምቻለሁ ስላቸው ሳቁብኝ" አለ። "አፋር የት፣ ሐረር የት አሉኝ። አቦ፣ እኔም ብሆን እስቅ ነበር።" ከዚያ ያልፈለግሁትን ጥያቄ ጠየቀኝ። "ማሽኑ ምን አለ?"

ውሸት አልችልበትም። "ወረቀቶቹ ነጭ ናቸው" አልኩት።

"ነጭ ማለት ጥሩ ነው አይደል?"

ለምን ጥሩ እንዳልሆነ አስረዳሁት። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። ሚስቱ ከዳስ ውስጥ ብቅ ብላ ፊቱን አየችና ተመልሳ ገባች። "እንግዲህ አላህ ያውቃል" አለ ኡስማን፤ እጁን ግን አልዘረጋልኝም።

ሐሙስ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ጁገል

እንቅልፍ አልወሰደኝም። ማሽኑ አየር ያፈስ እንደሆነ ልፈትሽ ብዬ በማለዳ ሐጃ ቤት ሄድኩ። አዛን ከተባለ ቆይቷል፤ ሩቂያ በሩን ከፈተችልኝ። ጣራ ላይ ስደርስ ሐጃ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ከማሽኑ ላይ አንድ ነገር ይፈታሉ።

"ሐጃ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

ደነገጡ። "ልብሱን ነው የማወልቅለት።"

"የማንን ልብስ?"

"የማሽኑን ነዋ! የማታው ጤዛ፣ የሌሊቱ አቧራ… የሰው ዕቃ አማና፣ አደራ አይደለም እንዴ? አንተ ራስህ 'አቧራ እንዳይነካው' አላልከኝም?"

ብያለሁ። ስለ መለዋወጫ ወረቀቶቹ ነበር ያልኩት። ስለ ማሽኑ ግን "ክፍት ይሁን" ብዬ አልነገርኳቸውም፤ ማን አቧራ የሚለካ ማሽን ከአቧራ ይሸፍናል ብዬ! በዚህ ቤት ያልተሸፈነ ዕቃ እንደሌለ ሁለት ጊዜ መጥቼ ሆጃ ጠጥቼ አይቻለሁ። አይቼም አላየሁም።

"እነዚያ ሦስት ቀናትስ?"

"እነዚያንማ ቀንም ሌሊትም አልገለጥኩትም! ያ ሁሉ ቆሻሻ እየወረደ? ከሥር ፌስታል አልብሼ በላዩ ጥልፍ ጨርቄን ደረብኩበት። ጠዋት ጠዋት ጫፉን ገለጥ አድርጌ ወረቀቱን እቀይራለሁ፣ መልሼ አለብሰዋለሁ።" ፊቴን አዩትና ድምፃቸው ወረደ። "አጠፋሁ?"

"ጨርቁ የት ነው?"

"ቆሸሸ። በሌላ ቀየርኩት። ከሚታጠበው ጋር ነው።"

"ታጥቧል?"

"በምን ውሃ? ፈረቃው ዛሬ…"

አልጨረሱትም። ከታች ቧንቧው ጉርርር አለ፤ ከግቢ ግቢ "ውሃ መጣ!" ተባለ፤ የጄሪካን ኳኳታ ሰፈሩን ሞላው። ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። ሩቂያ ሳፋውን ሞልታ፣ ኦሞውን አረፋ አስደፍቃ፣ ቅርጫቱን ገልብጣለች። እጇ ላይ ጥልፍ ያለው ነጭ ጨርቅ ይዛለች፤ ጫፉ ውሃ ነክቷል።

"ሩቂያ፣ ተዪው!"

የሰው ሚስት እጅ መያዝ ነውር ነው። ሁለት እጄን እስከ ክርኔ አረፋው ውስጥ ሰድጄ ጨርቁን ከሥር ደግፌ አወጣሁት። ሩቂያ አበድኩ መሰላት፤ ወደ ኋላ ሸሸች።

አንድ ጥግ ብቻ ነው የረጠበው። ገመዱ ላይ ዘረጋሁት። ጨርቁ እንደ ሣጥን የተሰፋ ነው፤ አራት ጎን አለው፣ ጥልፉ በአንዱ ጎን ብቻ። ያ ባለ ጥልፉ ጎን ወደ ቢጫ ያደላ ግራጫ ሆኗል፤ በጣቴ ስነካው ደቃቅ ብናኝ አንጸባረቀ። ተቃራኒው ጎን ንጹሕ ነው ማለት ይቻላል።

ሐጃ ከኋላዬ ደርሰዋል። "ሐጃ፣ ያስታውሱ። በእነዚያ ቀናት ይሄ የቆሸሸው ጎን በየት በኩል ነበር? ወደ ሐኪም ጋራ ከሆነ የኡስማን ነው። ወደዚያኛው ከሆነ አይደለም።"

ጨርቁን አዩት። ከዚያ ቤት ውስጥ የምትስለውን ሰሚራን ሰሙ።

"ልብሴን ልቀይር። ስብሰባው ይደርሳል" ብለው ገቡ።

ያውቁታል፤ ፊታቸው ላይ አይቻለሁ። የማይናገሩት በፊርማቸው ምክንያት ነው ብዬ ተናደድኩ። ጨርቁን በንጹሕ ከረጢት አሽጌ በሩን ሳልዘጋ ወጣሁ።

ሐሙስ፣ 3 ሰዓት፣ የሰፈሩ አዳራሽ

አዳራሹ ሞልቷል። ሰብሳቢው ጋሽ ታደሰ ናቸው፤ ቅድመ አያቶቻቸው እዚሁ ሐረር ሰፍረው የቀሩ፣ አነጋገራቸው የተመጠነ ሽማግሌ። ኡስማን በሩ አጠገብ ብቻውን ቆሟል። ዛሬ ታጥቦ መጥቷል፤ ያለ ኖራው ያረጀ መሰለኝ።

"እንግዳችን፣ ማሽኑ ምን አለ?" አሉ ጋሽ ታደሰ።

"ወረቀቶቹ ነጭ ናቸው" አልኩ። ጉምጉምታ ተነሣ፤ አንዱ "አላልኳችሁም!" አለ። ድምፄን ከፍ አደረግሁ። "ነጭ የሆኑት ግን አየሩ ንጹሕ ስለነበር አይደለም። ማሽኑ በእነዚያ ቀናት ተሸፍኖ ነበር። አያያዙን በደንብ ያላስረዳሁ እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ወረቀቶቹ ለማንም ማስረጃ አይሆኑም።"

"ማነው የሸፈነው?" ብሎ ጮኸ አንዱ።

የእሳቸውን ስም በጉባኤ ላይ ማንሣት አልቻልኩም።

"እኔ ነኝ።"

ሐጃ ነፊሳ ከሴቶቹ ረድፍ ተነሡ። ጨርቁን አምጣ በሚል እጃቸውን ዘረጉልኝ። ከረጢቱን ከፍቼ ሰጠኋቸው። ወደ ፊት መጥተው በሁለት እጃቸው ዘረጉት።

"አማና ብዬ ሸፈንኩት። ይሄን ነው ያለበስኩት። ይሄ ጥልፍ ይታያችኋል? የቴሌቪዥኔም፣ የሰሐኔም፣ የዚህም፣ ጥልፉን ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ ነው የማዞረው። እናቴም እንዲሁ ነበረች፤ የብዙዎቻችሁም እናት። አንድ ቀን እንኳ አዙሬው አላውቅም።" ቆም አሉ። "ሐረር ላይ ቂብላ በየት ነው?"

የሰው ሁሉ ዓይን ወደ አንድ ግድግዳ ዞረ። ወደ ሰሜን።

"ሐኪም ጋራስ?"

ዓይኖቹ ወደ በሩ ተመለሱ፤ ኡስማን ወደቆመበት። ሐጃ ጨርቁን ገልብጠው ያንን ጎን አሳዩ። ነጭ።

"ኖራ ከነካውማ ያነጣዋል እንጂ ቢጫ አያደርገውም" አለ ኡስማን ከበሩ።

"እኔ ሌላ የማውቀው የለም" አሉ ሐጃ። "ቆሻሻው ከምሰግድበት አቅጣጫ ነው የመጣው። ወንድም ታደሰ፣ አቤቱታው ላይ መጀመሪያ ያለው ስም የእኔ ነው። ሰርዝልኝ።"

ድኝ ይሁን አይሁን የሚለየው ላቦራቶሪው እንደሆነ ተናገርኩ፤ ደግሜም ተናገርኩ። የሰማኝ ጥቂት ሰው ነው። ጋሽ ታደሰ መነጽራቸውን አውልቀው ጨርቁን ቀርበው አዩ። ከዚያ እስክሪብቷቸውን አውጥተው አንድ መሥመር ሠረዙ። ምድጃው እንደማይታሸግ ተወሰነ፤ ውጤቱ ይጠበቃል። ኡስማን በሩ ሥር ቁጢጥ ብሎ ፊቱን በሽርጡ ጫፍ ሸፈነ። አለቀስኩ ብል አላፍርም፤ እኔም አልቅሻለሁ።

ስንወጣ ሐጃ ክንዴን ያዙኝ። "ጨርቁን ቆርጣችሁ ነው የምትመረምሩት?"

"አዎ፣ ሐጃ።"

"የጥልፉን በኩል?"

"የጥልፉን በኩል።"

ጥልፉን ለሠርጋቸው ራሳቸው የጠለፉት ነው፤ ሩቂያ ናት በኋላ የነገረችኝ። "ቁረጡት" አሉ። ጠዋት ስለተናደድኩባቸው ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ከፈትኩ። እጃቸውን አወዛወዙና ቀደሙኝ። "ኡስማን ነው ሲባል ደስ ብሎኝ ነበር፣ ልጄ። ምድጃ ቢሆን እኮ ይዘጋል።"

ዓርብ፣ ማታ፣ አዲስ አበባ

ከአብዶሽ ጋር ተመለስኩ። ቦርሳዬን ዛሬም ጭኔ ላይ አድርጌያለሁ፤ ምን እንዳለበት አልጠየቀኝም፤ ሐረር ሁሉ ያውቃል። ደንገጎ አካባቢ ፍሬኑን ያዝ አደረገና ወደ ሰሜን፣ ወደ ቆላው አየ። ከአድማሱ በላይ ስስ ቡናማ ነገር ተጋድሟል። "አቧራ ነው?" አለኝ። "እንጃ" አልኩት። እውነቴን ነው።

አዲስ አበባ ስንገባ ስልኬ ጮኸ። ሐጃ ናቸው።

"ደረስክ? አልሐምዱሊላህ። ስማኝ፣ ከሰዓት በኋላ ከአስር ሰላት ጀምሮ ደግሞ ክብሪት ክብሪት ይሸታል። ኡስማን እሳት አላቀጣጠለም፤ ጠይቄዋለሁ።"

"ማሽኑስ፣ ሐጃ?"

"ማሽኑን ገልጬዋለሁ" አሉኝ። ከኋላቸው የሰሚራ ሳል ይሰማል። "ዛሬ የሸፈንኩት ልጅቱን ነው።"